ስለ ሊቀመንበሩ ሽርጥ መውለቅ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ነሐሴ 18፣ የነጻነት በዓል በተከበረ በሳምንቱ
ቦታ፦ ጃቫ ደሴት፣ የወንዝ ዳር ሰፈር ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት (የሊቀመንበሩ በረንዳ)
የተገኙ፦ አቶ ዊርዮኖ፣ ሊቀመንበር፤ ወ/ሮ ላስትሪ፣ አባልና የሊቀመንበሩ ባለቤት፤ አቶ ሱባንድሪ፣ ገንዘብ ያዥ፤ ሙልያዲ፣ ጸሐፊ

ለምልዓተ ጉባኤ አንድ ሰው ስለጎደለ፣ በደጅ ሲያልፍ የነበረው ሾርባ ሻጩ ቱክሚን ከነሾርባ ጋሪው ተጠርቶ ገብቷል። ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የሊቀመንበሩን ክብር ስለመመለስ

ሊቀመንበሩ በበዓሉ ዕለት ለውድድር የቆመውን፣ ጫፉ ላይ ሽልማት የተሰቀለበትን ቅባት የተቀባ ግንድ ሲወጡ ሽርጣቸው መውለቁን፣ የውስጥ ሱሪያቸው ላይ ያሉት ዳክዬዎችም በቪዲዮ ተቀርጸው በአገሩ ስልክ ሁሉ መታየታቸውን ጸሐፊው አስረዳ። ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥተው እንደማያውቁ፣ የልጃቸው የሬትኖ እጮኛ ቤተሰቦችም "መጀመሪያ ሳቃችን ይውጣልን" ብለው ሽምግልናውን እንዳራዘሙ በሐዘን ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቪዲዮውን የለጠፈ ሁሉ እንዲያጠፋ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ደብዳቤው እየተጻፈ ሳለ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተደውሎ ሊቀመንበሩ ግንድ መውጣቱን ነገ በካሜራ ፊት እንዲደግሙት ተጠየቀ። ሊቀመንበሩ "እኔ ክብሬን ለአደባባይ አላወጣም!" ብለው ከተቆጡ በኋላ ቀራጮቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ጠየቁ።

አቶ ሱባንድሪ ሽርጡን ከታች የጎተቱት እርሳቸው በመሆናቸው ዝናው ለሁለት እንዲካፈል አመለከቱ።

ሊቀመንበሩ፦ "ሳምንቱን ሙሉ 'ነፋስ ነው' ስትለኝ አልነበር፣ አንተ ሰውዬ?"

አቶ ሱባንድሪ፦ "ያኔ መቼ ዝነኛ ሆንክና!"

ወ/ሮ ላስትሪ ዳክዬዎቹን ከገበያ የመረጡት እርሳቸው መሆናቸው እንዲታወቅላቸው አሳሰቡ። ቱክሚን ሾርባው እየቀዘቀዘበት መሆኑን አስመዘገበ።

ወ/ሮ ላስትሪ ቀጥለው "ልጅህ ትናንት ስታለቅስ አደረች፤ አንተ ግንድ ልትወጣ ነው?" ማለታቸው ቃል በቃል ተይዟል። ሊቀመንበሩ ሬትኖም ከጎን ብትቆም በቴሌቪዥን ልትታይ እንደምትችል ጠቆሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሊቀመንበሩ በድጋሚ እንዲወጡ፣ አቶ ሱባንድሪም በይፋ እንዲጎትቱ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ወ/ሮ ላስትሪ ተቃውመዋል፤ ቱክሚን ድምፅ አልሰጠም፣ ሾርባ እየሸጠ ነበር።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ጣቢያው መልሶ ደውሎ፣ በሌላ ሰፈር ሞተር ብስክሌት የምትነዳ ፍየል ስለተገኘች ወደዚህ እንደማይመጣ አስታወቀ። አቶ ሱባንድሪ ስለ ፍየሏ የተናገሩት ከመዝገብ እንዲወጣ ተደርጓል። ሊቀመንበሩ ስልካቸውን ለረጅም ጊዜ ሲነካኩ ቆይተው "ዛሬ አንድም ሰው አልሳቀብኝም። ጥሩ ነው፣ አይደል?" ሲሉ ጠየቁ።

በዚህ መካከል ሬትኖ ከውስጥ ሮጣ ወጥታ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ለሽምግልናው ነገ እንደሚመጡ አበሰረች።

"ቪዲዮውንስ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ረስተውታል፣ አባዬ! ስለ ፍየሏ ነው የሚያወሩት።"

"ጭራሽ ረሱት?"

"ጭራሽ!"

ወ/ሮ ላስትሪ እልል አሉ። ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

በመጨረሻም በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ደብዳቤው እንዲቀደድ፣ ግንዱም ቅባቱ ታጥቦ እንዲነሣ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ስብሰባው 12 ሰዓት ላይ ተበተነ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ያወጡት ከሁሉም በኋላ ነው።