በመረጃ ወንበር ላይ ያለ ፈቃድ

እውነቱን እንነጋገር… በዚህ ከተማ መረጃ የሚሰጠው ለማያስፈልገው ሰው ብቻ ነው! እንዳትከራከሩኝ፤ ደርሶብኝ ነው።

ጌጃ ሰፈር አንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ባለፈው ሰሞን አከራዬ ጋሽ ታደሰ ብቅ አሉና፣ "የኔ ልጅ፣ ቤቱን ለወንድሜ ልጅ ልሰጠው ነው፤ እስከ ቅዳሜ ልቀቂልኝ" አሉኝ። ደግነቱ ከአስፋልቱ ማዶ ባዶ ቤት ተገኘ። ግን ባለኝ ንግድ ፈቃድ እዚያ መሥራት እችላለሁ? ወይስ ገና ማሽኔን ሳልተክል ያሽጉብኛል? ሱቄ ከታሸገ እኮ የሙሽሮች ቀሚስ አብሮ ይታሸጋል! የሙሽራ እናት ከተቆጣች ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤትም ይግባኝ አይቀበላችሁም።

እናም ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም፣ ነገም ጉዳይ አለኝ። "መረጃ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠረጴዛ አለ፤ ሰው የለም።

"የት ሄደው ነው?" አልኩት ጥበቃውን።

"ስብሰባ።"

"መቼ ይወጣሉ?"

"ሲያልቅ።"

ይኼም መረጃ ነው እንግዲህ!

እግሬ ሲዝል ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ወንበር የለም! ወዲያው አንድ ጎልማሳ መጥቶ፣ "እህቴ፣ የጁስ ቤት ፈቃድ የት ነው የሚታደሰው?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት ከኋላው ሰው ተሰለፈ። እኛ ደግሞ ሰልፍ ካየን ምን እንደሚታደል ሳንጠይቅ ነው የምንሰለፈው፤ ታውቁን የለ?

"ኧረ እኔ እዚህ አልሠራም!" አልኩ።

"ሁላችሁም እንደሱ ነው የምትሉት!" ብለው አንዲት እናት ተቆጡኝ።

ቢቸግረኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያነበብኩ መመለስ ጀመርኩ። "ሁለተኛ ፎቅ!" "መታወቂያ ይያዙ!" ሰው በመልሱ ሳይሆን በመመለሴ ተገርሞ እየመረቀኝ ሄደ።

ይሄኔ ከረባት ያሰሩ ኃላፊ ከስብሰባ ወጡ። ሰልፉን አዩት… እኔን አዩኝ… በቃ፣ አለቀልኝ!

"አዲሷ ሠራተኛ አንቺ ነሽ?"

ዋሸሁ አልልም፤ ፈገግ ነው ያልኩት። "ጌታዬ፣ አንዲት ባለጉዳይ ሱቋን ወደ አስፋልቱ ማዶ ብታዞር አዲስ ፈቃድ ታወጣለች?"

"ኧረ የምን አዲስ ፈቃድ! የአድራሻ ለውጥ ታስመዝግብ፤ እዚሁ ጎን ካለው ክፍል አሁኑኑ ይጨርሱላታል።"

ሙሽሮቼ ዳኑ! ሰውዬውን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ብድግ ስል ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣

"ታዲያ ለባለጉዳይ እንዲህ ቶሎ እየመለስሽ እንዳታስለምጂብን!"