የአራተኛ ፎቅ ውኃ እና ፖሊስ የሌለው ሕግ

ድሮ ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ፣ ሌላው የሰነዘረውን ዱላ አየር ላይ ያቆም ነበር ይባላል። ልብ በሉ፤ ፖሊስ የለም፣ ጣቢያ የለም፣ ካቴና የለም። ያለው ቃል ብቻ ነው። ዓለም አቀፍ ሕግ የሚባለውን ነገር ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ አስረዳን ያለኝ ሰው ባይኖርም። የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም። ሜክሲኮ አስፋልት ዳር ከሚነጠፉ አሮጌ መጻሕፍትና ከስልኬ ነው። አንዳንዶቹ መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፋቸው ስለተገነጠለ ዕውቀቴ ከመሃል የሚጀምርባቸው ቦታዎች አሉ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ሕንፃ ሰዎች፣ ስሜን ትተው «ዓለም አቀፉ» ይሉኛል። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ።

ፖሊስ የሌለው ሕግ ምን ይፈይዳል ትሉኝ ይሆናል። ጋሼ ወርቁም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ጋሼ ወርቁ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይነግዳሉ፤ የሚኖሩት ግራውንድ ነው፤ ውኃ የሚስብ ዲናሞም አላቸው። ነገሩ ያለው ዲናሞው ላይ ነው። ወደ እኛ ሰፈር ውኃ የምትመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሲሆን፣ ያቺ ቀጭን ውኃ ገና ከመሬት ቀና ሳትል የጋሼ ወርቁ ዲናሞ ስቦ ይጨርሳታል። ሌሎቻችንም ንጹሐን አይደለንም፤ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ያለነው በርሜላችንን ደቅነን የተረፈችውን እንሻማለን። በወንዝ ቢሆን ጉልበተኛው የላይኛው ነው፤ በኮንዶሚኒየም ጉልበተኛው የታችኛው ነው። ሕጉ ግን ያው ነው፤ የጋራን ውኃ በፍትሐዊነት ይካፈሉታል፣ ጎረቤትን ክፉኛ አይጎዱበትም።

አራተኛ ፎቅ እትዬ አበበች አሉ። ልጃቸው ከወለደች አሥር ቀኗ ነው። የአራስ ቤት ያለ ውኃ ምን እንደሚመስል የወለደ ያውቀዋል። እትዬ አበበች በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ጀሪካን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። «ውኃው ጠፍቶ ቢሆን እኮ ምንም አይደል፤ አለ፣ ግን አይደርሰኝም» አሉኝ። በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ የሚባለው ለዚህ ነው። ቤቴ ገብቼ ስምምነት ማርቀቅ ጀመርኩ።

ስድስት አንቀጽ ወጣው። የጉባኤው አዳራሽ ደረጃው ነበር። አንቀጽ ሦስት «ከአራተኛ ፎቅ ‹ሞልቷል› የሚል ድምፅ ሳይሰማ በታች ማንም ቧንቧ አይከፍትም፣ ዲናሞ አያስነሣም» ይላል። አንቀጽ አራት ደግሞ ይህንን የጣሰ ቤት የቀዳውን ውኃ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያደርሳል ይላል። ይህቺን ያገኘኋት ከመጽሐፍ ነው፤ በአገሮች መካከል ከካሳ ሁሉ የተወሰደውን መመለስ ይቀድማል።

«ፈርሜ ባፈርስስ?» አሉ ጋሼ ወርቁ። «ማን ሊያስረኝ ነው? አንተ?»

«ማንም አያስርዎትም።»

ደረጃው በሳቅ ተሞላ።

«ዕቃዎ ከባሕር ማዶ ጅቡቲ ድረስ ሲመጣ መርከቧን ፖሊስ ያጅባታል?» አልኳቸው። «በስንቱ አገር ደጃፍ ታልፋለች። የሚያሳልፏት፣ የእነሱም መርከብ ነገ በሌላው ደጃፍ ስለሚያልፍ ነው።»

«እኔ በአበበች ደጃፍ ምን አሳልፋለሁ?»

«የጣሪያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው» አሉ እትዬ አበበች ቀስ ብለው። «ዲሽህ የተተከለው ደግሞ ጣሪያው ላይ ነው፣ ወርቁ።»

ጋሼ ወርቁ ፈረሙ። አትሳቁ፤ ብዙ ውል የሚፈረመው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ውኃ መጣች። በመስኮት ጆሮዬን ወደ ታች ጣልኩ፤ ዲናሞው ጸጥ ብሏል። ደስታዬን ለማን ላስረዳ ብዬ ስዞር በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ ስምምነቱን በላስቲክ አድርገው ይዘውታል።

«ዓለም አቀፉ፣ አንቀጽ ሦስትን እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው፤ በኩራት።

«ጎበዝ። አሁን መታጠቢያ ቤታችሁን አዳምጥ።»

አዳመጥኩ። በርሜላችን እየሞላ ነበር።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ብቅ አለች። «ነገ የዓመቷ ልደታ ናት፤ ነጠላዬን በምራቄ ልጠበው?»

ሕጉ ለዚህም ስም አለው፤ አስገዳጅ ሁኔታ ይባላል። ሲጥሱ የተገኙ መንግሥታት ቶሎ የሚያነሡት እሱን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንቀጽ ሦስት እናቶችን አይመለከትም የሚል ትርጓሜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ትላልቆቹ አገሮች ሕጉን አርቅቀው ሲያበቁ፣ እነሱ ላይ ሲደርስ እንዴት አጣመው እንደሚያነቡት ስንት ጊዜ ተናድጄ አስረድቻለሁ መሰላችሁ። እንዲህ ቀላል መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

ከላይ የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማል። «ሞልቷል» የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ቧንቧውን ዘጋሁት። «እማዬ፣ ፈርመናል» አልኳት።

«የፈረምከው አንተ ነህ» አለችኝ። ጀሪካኖቹን ፈልጋ ያቀበለችኝ ግን እሷው ናት።

የመጀመሪያውን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋሼ ወርቁ ሁለተኛውን ጀሪካን አንጠልጥለው ይከተሉኛል።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አልጣሱም።»

«ላግዝህ መሰለህ?» አሉ እያለከለኩ። «ታዛቢ ነኝ። ያለ ታዛቢ ውል ይጸናል? እሱን አንቀጽ ረስተኸዋል።»

እውነት ነው፣ ረስቼዋለሁ። ሰባተኛ አድርጌ ጨመርኩት።

ይህን ሕግ ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው ይሉታል። ይበሉት። እኔ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከቧንቧችን አጠገብ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ፤ ከእናቴ እየጠበቅሁት።