የኔታ አልሄድም ያሉት ቅልቅል

አማርኛ አንዱን ነገር ከሌላው ለማገናኘት የቃል ድሃ ሆኖ አያውቅም። ዱቄት ይለወሳል፣ በሶ ይበጠበጣል፣ ወጥ ይማሰላል፣ ወተት ውሃ ሲገባበት ይበረዛል፣ እህል ከእህል ይቀየጣል፣ መንጋ ከመንጋ ይደባለቃል። የቀደሙት ሰዎች ለእያንዳንዱ ነገር በልኩ ቃል ሰፍተው አልብሰውት ሄደዋል። እኛ ግን ያን ሁሉ ልብስ ሳጥን ውስጥ ቆልፈን «ሚክስ» እንላለን። በቃ። ሚክስ።

ካላመናችሁኝ ደባርቅ ድረስ ብቅ በሉና ከመናኸሪያው ጀምሮ ጆሯችሁን አቁሙ። ጭማቂ ቤት ገብታችሁ «ሚክስ» ያላችሁ እንደሆነ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ ሆኖ፣ በድንበር እንደ ተካሰሱ ጎረቤታሞች ተለያይተው ይቀርቡላችኋል፤ ምናቸው እንደ ተቀላቀለ ፈጣሪ ይወቅ። ግንበኛው ሲሚንቶና አሸዋውን እያየ «ሚክሱ ቀጥኗል» ብሎ የቀን ሠራተኛውን ይቆጣል። ተማሪዬን ጥያቄ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ሚክስ ሆነብኝ» ይለኛል፤ ተምታታብኝ ማለቱ ነው። በየሠርጉ ሙዚቃ የሚያጫውተው ጎረምሳም አንዱን ዘፈን ሳያስጨርስ ሌላውን ይጭንበትና ሚክስ ነው ይላል። እኔ በዚህ መናደድ አይገባኝም። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ቃሉን ወደ ከተማው ካስገቡት ደላሎች አንዱ ነኝ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ቃል ባለፈው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሁለት ቤተሰብ ሊያቀያይም ነበር።

የኔታ ጥበቡ ጎረቤቴ ናቸው፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው። ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ተማሪዎች ቅኔ የሚቆጥሩት እሳቸው ዘንድ ነው። ማስተዋል የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው፣ የኔታንም ጭምር ያቆመቻቸው እሷ ናት። ጋቢያቸውን አጥባ፣ መነጽራቸውን ፈልጋ፣ ሲቆጡ ተቆጥታ። ይህች ልጅ ዳባት ለእህል ነጋዴው ለአቶ ፈንቴ ልጅ ለዳኛቸው ተዳረች። አቶ ፈንቴ ደግ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሲስቅ ትከሻ መትቶ የሚስቅ ሰው ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባል የለ? ሁሉም ሰው ጋብቻው ገጠመ አለ።

ሠርጉ አለፈ። ሙሽሮቹ ወደ የኔታ ቤት ለመልስ መጡ። የቀረው በሚቀጥለው እሑድ ዳባት፣ በሙሽራው ቤት የሚደረገው ቅልቅል ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ወገን አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጦ «ከእንግዲህ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚባባልበት ማለት ነው። ከጎንደር የመጣው ሚዜ ሄኖክ መልሱ ሊበተን ሲል ማይክ አነሣና፣ «የፊታችን እሑድ ዳባት ላይ ሚክስ ስላለን የሙሽሪት ቤተሰብ እንዳይቀርብን!» አለ።

የኔታ አጠገቤ ነበሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ምን አለን አለ?» አሉኝ።

«ቅልቅሉን ነው የኔታ። በእንግሊዝኛ ሚክስ ብሎት ነው።»

«ሚክስ ማለትስ?»

«መደባለቅ ነው። አንዱን ካንዱ።»

«ቱሳሔ በለኛ!» ብለው ዐይናቸውን አፈጠጡ።

ቱሳሔ በግእዝ መደባለቅ ነው። ነገር ግን ቤተ ክህነት ያደገ ሰው ዘንድ ይህን ቃል በበጎ የሚያነሣው የለም፤ ሊቃውንቱ ስለ ተዋሕዶ ባስተማሩ ቁጥር «ያለ ቱሳሔ» እያሉ ሲያባርሩት የኖረ ቃል ነው። የኔታ ብድግ አሉና፣ ማይክ ሳያስፈልጋቸው፣ «ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ነው የተባለ! እንደ ጭማቂ ይሆናሉ አልተባለም! እኔ ከቱሳሔው የለሁበትም!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማክሰኞ ጠየቅኋቸው፤ አልሄድም አሉ። ረቡዕ ጠየቅኋቸው፤ አልሄድም አሉ። ይህ በእንዲህ እንዳለ ነገሩ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳባት ገብቶ ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ደባርቅ ሲሳፈር «የኔታ ከቱሳሔው የለሁበትም አሉ» የነበረው፣ ዳባት ሲወርድ «የኔታ ከእነ ፈንቴ ጋር አልቀላቀልም አሉ» ሆኖ ወረደ። ይህን ልዩነት እናንተ ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር «ከእነሱ ጋር አንቀላቀልም» የተባለ ቤት ዘሩ ተነካ፣ አጥንቱ ተቆጠረ ማለት ነው። ለዚህ ደም የፈሰሰበት ጊዜ አለ።

ሐሙስ ማስተዋል ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አባባን ምን ነካብኝ? አማቴ እህል አልቀምስም ብለው ተኝተዋል። ጾሙ ከገባ እኮ ድግስ የለም። እስከ ፋሲካ ተኳርፈው ከከረሙ እኔ በሁለቱ መካከል ምን ልሆን ነው?» ብላ አለቀሰች።

ስልኩን ዘግቼ በአጥሩ በኩል ገባሁ። የኔታ ጓሮ ቆመው ዶሮዎች ያባርራሉ። ዶሮዎቹ የማስተዋል ናቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው ጥሬ ይዘው ይጣራሉ፤ ዶሮዎቹም ያን ያህል ሊቅ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ በግቢው ይበተናሉ።

«እሷ ስትጠራቸው ነው የሚገቡ። እኔን ሰው አላሉኝም» አሉኝ።

«የኔታ፣ በእርስዎ ምክንያት አቶ ፈንቴ ታመዋል። ልጅዎም እያለቀሰች ነው። ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብለው…»

«ቃል ቀላል ነው ወይ?» ብለው ጉባኤ ዘረጉብኝ። ስለ ቃል አነሡ፣ ስለ ምስጢር አነሡ፣ ግእዙን አፈሰሱት። ልብ ያልሁት ነገር ቢኖር ያን ሁሉ ሲናገሩ አንድም ጊዜ ፊቴን አለማየታቸውን ነው። አብረን ዶሮዎቹን አስገባንና ወጣሁ።

እሑድ ደረሰ። አባት ሳይሄድ ዘመድ አይሄድምና ከደባርቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኩለ ቀን ላይ፣ ያ የደባርቅ ነፋስ አቧራውን ሲያስጨፍር፣ በራችን ላይ የአይሱዙ ጥሩምባ ጮኸ። ወጣን። ከኋላ ድስቱ፣ የጠላው በርሜል፣ ወንበሩና የዳባት ዘመድ ተፋፍጎ ተጭኗል። ጋቢና ውስጥ ሙሽሮቹ ካባቸውን እንደ ለበሱ ተቀምጠዋል። አቶ ፈንቴ ወረደ። ያ የሚስቅ ፊት ጠቁሮ ነበር።

«ይግቡ እንጂ» አሉ የኔታ ግራ ገብቷቸው።

«አልገባም የኔታ። ድግሱን ይዤው የመጣሁ ዳባት ማን ይብላው ብዬ ነው። እዚሁ ደጅ ላይ አንድ ነገር ይንገሩኝ። አባቴን ያውቃሉ፣ አያቴን ያውቃሉ። አንቀላቀልም የሚያሰኝ ምን አገኙብን? ያዋረዱኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይንገሩኝ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«አገር ነው ያለ!»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን ልተርጉም? ይህን ጊዜ ማስተዋል ወርዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። «አባባ፣ እኔን ጠልተው ነው?» አለቻቸው።

«አንቺን?» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ወደ አቶ ፈንቴም ዞሩ።

«አቶ ፈንቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ እርስዎን አልናቅሁም። ፈርቼ ነው። ዳባት የሄድሁ እንደሆነ ምንጣፍ አንጥፈው ከላይ ያስቀምጡኛል። ልጄ ጎንበስ ብላ ታስታጥበኛለች፤ ‹ኧረ ይብሉ፣ አልበሉም እኮ› ትለኛለች። ያን ቀን ልጄ ቤት እንግዳ ሆንሁ ማለት ነው። ካልሄድሁ ግን ገና አልሆንሁም ብዬ… ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለም።»

አቶ ፈንቴ ባርኔጣውን አወለቀ። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አይ የኔታ» አለ። «እርስዎስ ሩቅ ነዎት። እኔ ከልጄ ጋር አንድ ግቢ ነው ያለሁ። ግድግዳውን በገዛ እጄ የመረግሁት ቤት፣ አሁን በሩ ላይ ስደርስ ሳላስል አልገባም። እህህ፣ እህህ እላለሁ እንደ ጉንፋናም! በቀደም ለት ዳኛቸው ‹አባዬ፣ መድኃኒት ላምጣልህ ወይ?› አለኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት የኔታ ናቸው። ከዚያ አቶ ፈንቴ ሳቀ፤ ተነሥቶም የኔታን ትከሻቸውን መታቸው፤ ሊቁ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ድስቱ ወረደ፣ በርሜሉ ወረደ። ሰው አልበቃ ሲል በእኔና በየኔታ መካከል ያለውን አጥር በአንድ በኩል ፈታነው። የዳባት ሰው በሰው ግቢ አስተናጋጅ፣ የደባርቅ ሰው በገዛ ግቢው እንግዳ ሆኖ ዋለ። የቅኔ ተማሪዎቹ በጭብጨባ፣ የዳባት ልጃገረዶች በእስክስታ ተያያዙት። ሄኖክ ማይኩን አነሣና «ሚክሱ…» ብሎ ወደ የኔታ ሲያይ ማይኩን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬስ የወደድኸውን በለው» አሉት እየጎረሱ።

ጾሙ ገባ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን የኔታ ለማንም ሳይነግሩ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ብቻቸውን ሚኒባስ ይዘው ዳባት ሄዱ። አመሻሽ ላይ ተመልሰው በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። እንዴት ዋሉ አልኋቸው።

«እንደ ፈራሁት ነው። ከላይ አስቀመጠችኝ። አስታጠበችኝ። ‹ይብሉ፣ አልበሉም› አለችኝ። ቀስ ብዬ ልሂድ ስል ባሏ ወደ ሥራው ወጣ። ይህን ጊዜ ካባዋን አውልቃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መጥረጊያ አንሥታ መጣች። ‹አባባ፣ እግርዎን ያንሡ እስቲ፣ ልጥረግበት› አትለኝም!»

ፊታቸው ሹመት ጸድቆለት እንደ ተመለሰ ሰው በርቶ ነበር።

«ታዲያ አነሡ?» አልኋቸው።

«ምን በወጣኝ!» አሉ። «እስክትቆጣኝ ጠበቅሁ እንጂ።»