ቶኩዞ የተኛበት አልጋ

ስሟ ኩሬ ይባል እንጂ ደጇ ባሕር በሆነው በዚያች የጃፓን ወደብ፣ ዕድሜውን በጥልቁ የጨረሰ አንድ ሰርጓጅ መርከብ የብስ ላይ ወጥቶ ሙዚየም ሆኗል። ሽማግሌው ቶኩዞ ከባለቤታቸው ከፉሚ፣ ከልጃቸው ከሚሳኦና የአኩሪ አተር አይብ ከሚሸጠው አማቻቸው ከሄይሱኬ ጋር ወደዚያ የሄዱት በገዛ ምላሳቸው ተጎትተው ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ «ወጣትነቴን በሰርጓጅ ጨረስሁ» ሲሉ ኖረዋል፤ ዛሬ ፉሚ «እንግዲያስ የተኛህበትን አልጋ አሳየኝና ፎቶ ላንሳህ» አሏቸው። ቶኩዞ ግን ከውሃ በታች አንዲት ሌሊት እንኳ አላደሩም። ሴቶቹ ቀድመው ገብተዋል፤ አማትና አማች በሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

ቶኩዞ፦ ጫማህን አድርግ ብያለሁ።

ሄይሱኬ፦ (በካልሲው ቆሞ፣ ጫማውን ታቅፎ) አልጋ ያለበት ቤት አይደል እንዴ አባባ? ሰው የሚተኛበት ቤት በጫማ ይገባል?

ቶኩዞ፦ ይኼ የጦር መርከብ ነው። ጠላት ሲመጣ ባሕርተኛው ጫማውን ሲፈልግ ይማረክ?

ሄይሱኬ፦ ታዲያ ሲተኙም በጫማ ነበር?

ቶኩዞ፦ በጫማ።

ሄይሱኬ፦ አንሶላው አያድፍም?

ቶኩዞ፦ ወተት ነው የሚመስለው። በየቀኑ ይቀየራል። አሁን ግባ፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል።

(ጎንበስ ብለው ይገባሉ። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ በጎን ይሄዳሉ።)

ሄይሱኬ፦ ይሄ እጀታ ያለው ቧንቧ ምንድነው?

ቶኩዞ፦ ከባሕር በታች ሆነህ ላዩን የምታይበት መነጽር።

ሄይሱኬ፦ (ዓይኑን ደቅኖ) መኪናችን ታየችኝ።

ቶኩዞ፦ እኔ በዚህ የጠላት መርከብ አይቼበታለሁ።

ሄይሱኬ፦ የማን ጠላት? በእርስዎ ዘመን ጦርነት ነበር እንዴ?

ቶኩዞ፦ ከሩቅ ጠላት ይመስል ነበር። ሲቀርብ ዓሣ አጥማጅ ሆነ።

ሄይሱኬ፦ እማማ ከፊት እየጠሩ ነው። አልጋው የቱ ነው ይላሉ።

ቶኩዞ፦ (ላባቸውን እየጠረጉ) እየፈለገው ነው በላት። ስንት ዘመን አልፎታል፣ አልጋም ቦታ ይቀይራል።

ሄይሱኬ፦ ከግድግዳው ጋር እኮ የተበየደ ነው።

ቶኩዞ፦ አንተን ስለ ብየዳ ማን ጠየቀህ? ያውልህ፣ ያ የታችኛው። ረጅሙ።

ሄይሱኬ፦ (የተለጠፈውን እያነበበ) «የቶርፔዶ ማስቀመጫ» ይላል።

ቶኩዞ፦ (ጥቂት አስበው) እሱ ሲተኮስ እኔ እተኛበታለሁ።

ሄይሱኬ፦ ካልተተኮሰስ?

ቶኩዞ፦ አቅፌው።

ሄይሱኬ፦ ልብስስ የት ይታጠብ ነበር? እዚህ የሚጠጣ ውሃ እንኳ በልክ ነበር ተብሎ ተጽፏል።

ቶኩዞ፦ (ዓይናቸው በርቶ) የልብስን ነገርማ ለእኔ ተወው። ነጩ ልብስ መጀመሪያ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ስታርች ይነከራል። አንገትጌው ርጥበቱን ሳይጨርስ ነው የሚተኮሰው። እጅጌ ላይ ሁለት መስመር ካየህ፣ የተኮሰው ሰው ካውያ አያውቅም በለኝ። እኔ በቀን መቶ ሸሚዝ እጨርስ ነበር።

ሄይሱኬ፦ በቀን መቶ? መርከቡ የሚይዘው እኮ ሰባ ሰው ነው።

(ቶኩዞ የቶርፔዶው ማስቀመጫ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላሉ።)

ቶኩዞ፦ ልጄ፣ ባሕር ኃይል ቤት ስተኩስ መኖሬ እውነት ነው።

ሄይሱኬ፦ ምን ሲተኩሱ?

ቶኩዞ፦ ሸሚዝ። የብስ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ፉሚን ወደቡ ዳር ሳገኛት ከፊታችን ሰርጓጅ ቆሞ ነበርና አፌ ቀደመኝ። ዛሬ ካወቀች በዚህ ዕድሜዬ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?

ሄይሱኬ፦ ያውቃሉ እኮ።

ቶኩዞ፦ ከመቼ?

ሄይሱኬ፦ ከዚያው ቀን። ከእርስዎ በፊት እውነተኛ የሰርጓጅ ሰው ለጋብቻ ጠይቋቸው ነበር። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ቢሄድ የናፍጣ ሽታው አልለቅ ብሎ ምንጣፉን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጡት። የሰርጓጅ ሰውማ አላገባም ብለው ማሉ። እርስዎ ሲመጡ ሳሙና ሳሙና ሸተቱ።

ቶኩዞ፦ ታዲያ ስዋሽ ዝም ብላ ሰማችኝ?

ሄይሱኬ፦ «ይዋሻል እንጂ ንጹሕ ነው» ብለው አገቡዎት። እውነትዎን ቢሆን ኖሮ ቀርተው ነበር።

ቶኩዞ፦ አንተስ መቼ ሰማህ?

ሄይሱኬ፦ ሚሳኦን ያገባሁ ጊዜ።

ቶኩዞ፦ እያወቅህ ነው እንደ ጅል ስትጠይቀኝ የዋልኸው?

ሄይሱኬ፦ እማማ ናቸው ያዘዙኝ። «እስኪናዘዝ ድረስ ጠይቀው» ብለው።

ቶኩዞ፦ ይቅር ካለችኝ አርባ አራት ዓመት ካለፈ፣ ዛሬ ኑዛዜው ምን ይሠራላታል?

ሄይሱኬ፦ የሰርጓጁን ይቅር ብለዋል። ያልበረደላቸው ሌላው ነው።

ቶኩዞ፦ የቱ?

ሄይሱኬ፦ አርባ አራት ዓመት ሙሉ የእርስዎን ሸሚዝ የሚተኩሱት እሳቸው ናቸው።