ጠቅልሎ የሄደ የለም

በየሰፈሩ፣ ከሚሄደው ሰው በላይ ስለ ጉዞው የሚያውቅ አንድ የማይሄድ ሰው አለ። አውሮፕላን ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ግን የትኛው ወንበር እግር እንደሚያደነዝዝ ይነግራችኋል። ፓስፖርት የለውም፤ ግን የእናንተን ገልጦ አይቶ፣ "ፎቶው ላይ ምን አስቆጣህ? እንዲህ ሆነህ ማን ያስገባሃል?" ይላችኋል። በእኛ ሰፈር ይህንን ሥልጣን ያለ ተቀናቃኝ የያዙት፣ የሻንጣና የስንብት ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ ሚዛን ናቸው።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ቆመው ጥጥ መዝነዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ግራም ጎደለብኝ ብሎ ስማቸውን ያነሳ ነጋዴ የለም፤ አንድ ግራም ጨመሩልኝ ብሎ ያመሰገናቸውም የለም። ፋብሪካው ሲዘጋ ለሠራተኛው ሁሉ የምስክር ወረቀት ታደለ። እሳቸው፣ "ወረቀት አይመዝንም" ብለው በምትኩ ሚዛኑን ጠየቁና ተሰጣቸው። ክብ ፊት፣ ቀይ መርፌና የበሬ ጎድን የሚያህል መንጠቆ ያለው የሚንጠለጠል ሚዛን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአንዲት ክፍል ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወርዶ አያውቅም።

ፋብሪካው በተዘጋ በዓመቱ ሰፈሩ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ የማሽን ሠራተኞቹ ሄዱ። ቀጥሎ የእነሱን ፀጉር የሚያስተካክለው፣ አልጋቸውን የሚሠራው፣ ልጆቻቸውን መርፌ የምትወጋው ሄዱ። ሰው ሲሄድ ሥራው ብቻውን ምን ይሠራል፤ እሱም ይከተላል። የሚሄደው ሁሉ ታዲያ አንድ ሕግ አለበት፤ ሻንጣው ከሃያ ሦስት ኪሎ ማለፍ የለበትም። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ሚዛን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ተጓዡ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል። ሚዛኑ በሰማያዊ ጨርቅ ተከናንቧል፤ ሻንጣው ካልተሰቀለ ጨርቁ አይነሳም። "ሚዛን ባዶውን አይታይም፤ ነውር ነው" ይላሉ እትዬ። ሻንጣው ይሰቀላል፤ ጨርቁ ይነሳል፤ መነጽራቸው ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው ይወርዳል። ከዚያ ፍርድ ይሰማል።

"ሃያ ስድስት!"

"እትዬ፣ እባክዎ፣ ቤት ስገምተው እኮ..."

"ኪሎ አያዝንም!"

ሻንጣው ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ሚዛኑ ተመልሶ ይከናነባል፣ ከዚያም፣ "ይሄ ይቅር! ያኛውም ይቅር!" ይጀመራል። አንድ የዋህ ሰው 'ይቅር' ሲሉ ሰምቶ ምሕረት የተደረገለት መስሎት እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ ይባላል። ካፖርት ከተገኘ ግን አይቀርም፤ "ልበሰው!" ነው ትእዛዙ። ስለዚህ በእኛ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርቦ፣ ላቡን እየጠረገ የሚያልፍ ሰው ስናይ፣ "መልካም መንገድ" እንላለን። ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሚያንገበግበው የሚያስቀሩት ዕቃ ነው። እትዬ ሚዛን ሁልጊዜ፣ ሳይሳሳቱ፣ የምትወደውን ዕቃ ነጥለው ያወጡብሃል። ነርሷ ሰባት ጥንድ ጫማ ይዛ መጣች፤ ሰባቱም አለፉ። የቀረው ስትመረቅ የተነሳችው ባለ መስተዋት ፎቶ ነው።

"እትዬ፣ ከጫማው ብንቀንስ አይሻልም?"

"ጫማ እዚያ ትሄጅበታለሽ። ፎቶው ምን ይሠራልሻል? መልክሽን ይዘሽው እየሄድሽ አይደል?"

ፀጉር አስተካካዩ አሥራ ሁለት ሸሚዝና አንድ የመቀስና የማሽን ቦርሳ ይዞ መጣ። ሸሚዞቹ ሄዱ፤ ቦርሳው ቀረ። ይኸው ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወንድ ፀጉሩን ለመቆረጥ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ የአውቶቡሱ ሰልፍ የሰለቸው ደግሞ ሚስቱን ይለምናል። እኔ ሁለተኛውን መንገድ ሞክሬ ለሦስት ሳምንት ባርኔጣ አድርጌአለሁ።

የቀረው ሁሉ እትዬ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ላይ፣ ጥጥ ላይ ያስሩት እንደነበረው፣ በክር የተንጠለጠለች ወረቀት አለች፤ የማን እንደሆነና ስንት ኪሎ እንደሆነ ይጻፍባታል። የሰፈሩ ሙያ በሙሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ተኮልኩሏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ግማሹን ነው ያጋነንኩት።

የሄዱት ሲደውሉ የሚያወሩት ተመሳሳይ ነገር ነበር። "የአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ደግ ነው! ሃያ ሦስቱን ሃያ አለው።" ይህ ሰፈሩ ውስጥ እንደ ተረት ተወራ። እትዬ ጋ ሲደርስ ከንፈራቸውን ገልበጥ አድርገው፣ "የመንግሥት ሚዛን ድሮም ማዳላት ልማዱ ነው" አሉ። ሁላችንም አመንን። እትዬ ሚዛንን ከመጠርጠር መንግሥትን መጠርጠር ይቀላል።

አናጢውን ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መላጊያውን አስቀርተውበት፣ አኩርፎ፣ ሳይሰናበታቸው ነበር የሄደው። ከስድስት ዓመት በኋላ ለሦስት ሳምንት ፈቃድ መጣና፣ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ፣ "መላጊያዬን" ብሎ በራቸው ላይ ቆመ። እትዬ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሱለትም። "ይኸውልህ። ይሄ በሬ ሲዘጋ ያለቅሳል፤ እስቲ እጅህ ረስቶት እንደሆነ እንየው" አሉት። በሩን ላገላቸው። ጎረቤት ድምፁን ሰማና ጠረጴዛ ይዞ መጣ። ከጠረጴዛው ቀጥሎ አልጋ፣ ከአልጋው ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ወንበር መጣ። ዛሬም፣ "መቼ ነው የምትመለሰው?" ብትሉት፣ "ለፈቃድ እኮ ነው የመጣሁት" ይላል። ፈቃዱ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እየፈራሁ ነበር የቆየሁት።

እኔ በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነበርኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመት። ኮምፒውተሩ ከስህተት ሥር ቀይ መስመር ማስመር ሲለምድ አለቃችን ጠርቶ፣ "ለጊዜው እረፍ" አለኝ። ለጊዜው የተባለው ዕረፍት ስምንት ወር ሲሞላው ባሕር ማዶ ካለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን የሥራ ውል መጣልኝ፤ ካርቶን ላይ ወረቀት መለጠፍ። ባለቤቴ ልብሴን እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ጠቅልለህ ነው የምትሄደው?" አለችኝ። "እንጃ" አልኳት። እውነቴን ነበር። የሚያስፈራኝም መሄዱ አልነበረም፤ ሄደው ድምፃቸው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ከጠፋው መካከል አንዱ መሆን ነበር።

በጉዞዬ ዋዜማ ጠዋት ሻንጣዬን ጎትቼ እትዬ ቤት ገባሁ። ተሰቀለ፤ ተገለጠ።

"ሃያ ስድስት!"

ሻንጣዬን አውርደው ከፈቱ። እጃቸው ሹራቤን አለፈ፣ ቦት ጫማዬን አለፈ፣ ቀጥ ብሎ መዝገበ ቃላቴ ላይ አረፈ። የጀርባ ቆዳው የተላጠ፣ ሽማግሌው ዋና አራሚ ጡረታ ሲወጡ ያወረሱኝ መጽሐፍ ነው። ኅዳጉ ሁሉ በሳቸው እርሳስ ተሞልቷል። አንዱ ገጽ ላይ፣ "ሥራ በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ ስደት በእሳቱ ሰ" ብለው ጽፈዋል። ለወጣት አራሚዎች ፊደሉ እንዳይምታታባቸው ብለው ነበር የጻፉት። ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቼ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ይለኝ ነበር።

"ይሄ ይቅር" አሉ እትዬ።

"እትዬ፣ ይሄማ ሙያዬ ነው!"

"እዚያ የምትለጥፈው ወረቀት ላይ ፊደል አለ?"

"ቁጥር ብቻ ነው።"

"እንግዲያ ይቅር።"

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወረቀቷን ሊጽፉ ተቀመጡ። እኔ ሻንጣዬን ስዘጋ ከበሩ ነፋስ ገባ። ያን ቀን ቸኩለው ኖሮ በቅጡ ያልሸፈኑት ሰማያዊ ጨርቅ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀና አልኩ። መንጠቆው ላይ ምንም የለም፤ ቀዩ መርፌ ግን ሦስት ላይ ቆሟል።

ስህተት ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ የሙያ በሽታ ነው። "እትዬ፣ ሚዛንዎ ባዶውን ሦስት ኪሎ ይላል" አልኩ።

እስክሪብቶው ቆመ። ፊታቸውን አላዞሩም።

"በሩን ዝጋው" አሉኝ። ዘጋሁት።

"አላወቁም ነበር?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ሥር የቆመች ሴት መርፌው የት እንዳለ ትስታለች ብለህ ነው? እኔው ነኝ ያጣመምኩት። በጥጥ አንድ ግራም ያልዋሸሁ ሴትዮ፣ በስተርጅናዬ አባይ ሚዛን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።"

"ለምን?"

መደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ላይ ያለችውን ብቸኛ ባዶ ቦታ በእስክሪብቶው ጠቆሙኝ።

"የመጀመሪያው ሻንጣ የልጄ ነበር። በትክክል መዘንኩለት፤ ሃያ ሦስት፣ አንድ ግራም አልጎደለ። ሲያዘጋጅም ያገዝኩት እኔው ነኝ። የልጅነት ጫማው ሳይቀር፣ ደብተሩ ሳይቀር፣ ምንም አልረሳሁለትም። እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱን ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ፣ 'ልጅሽ ጠቅልሎ ሄደ ወይ?' ይለኛል። አዎ፣ ጠቅልሎ። ያውም እኔ ነኝ የጠቀለልኩለት።" አፍንጫቸውን በጨርቁ ጠረጉ። "አሥራ ሁለት ዓመቱ። ይደውላል፣ ደግ ልጅ ነው። ግን ምን ብሎ ይምጣ? ምን ጥሎ ሄዶ? እኔ ደግሞ በእጄ አልፎ ጠቅልሎ የሚሄድ ሁለተኛ የሰው ልጅ አይኖርም ብዬ ማልኩ። ዕቃው ያለበት ቤት ደጁ አይጠፋውም።"

እሳቸው ተነሱና መዝገበ ቃላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡኝ።

"አሁን አወቅህ። ይገባልሃል፤ ክተተው። አልቀየምህም። ለሰፈሩ ብትናገርም እውነት ነውና አፍህን አልይዝህም።"

መጽሐፉን ተቀበልኳቸው። ሻንጣው ውስጥ የሚገባበት ቦታ አሁንም እንደ ጉድጓድ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ያለዚያ መጽሐፍ እዚያ ማን እሆናለሁ? ካርቶን ላይ ቁጥር የሚለጥፍ፣ ስሙን በቅጡ የማይጠሩት አንድ ሰው። ይዤው ብሄድስ? ያው ሰው፣ ከነመጽሐፉ። እዚህ ግን የሚጠብቀኝ ምን ይቀራል? ባለቤቴ አለች፤ ግን እሷንም እወስድሻለሁ ብዬአታለሁ። ያን ጊዜ ጠቅልዬ ሄድኩ ማለት ነው።

መጽሐፉን መልሼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት።

"ወረቀቷን ይጨርሷት" አልኳቸው።

አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውርደው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ይዘው፣ እየተጠነቀቁ ጻፉ፤ "የአራሚው መፅሀፍ፤ 3 ኪሎ"።

"እትዬ፣ በጸሎቱ ጸ ነው። ሀውም በሐመሩ..."

"ስትመጣ ታርመዋለህ" አሉኝ።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ ሻንጣዬን ሚዛኑ ላይ ጫንኩ። ሃያ አለ። ሠራተኛዋ ጨዋ ናት፤ ፈገግ አለችልኝ።

"ሦስት ኪሎ ይቀርዎታል።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "ቤት ነው የቀረው።"

ይህንን የምጽፈው በመጋዘኑ የዕረፍት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው እሑድ ፀጉር አስተካካያችን ጋ ደውዬ፣ አንተ ስትሄድ የማረፊያው ሚዛን ስንት አለህ አልኩት። "ሃያ። ደግ ነበር" አለኝ። ከዚያ፣ "አንተም ባዶውን አየኸው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ነርሷም አይታው ኖሯል። አናጢውም፤ ኩርፊያው ለካ ለይምሰል ኖሯል። ስንቶቻችን ባዶውን ሚዛን አይተን፣ አፋችንን ይዘን፣ የምንወደውን ጥለን እንደወጣን እግዜር ይወቀው። እትዬ ሚዛን ግን ሰፈሩን በሙሉ እንዳታለሉ ያምናሉ፤ ስለዚህ ይህንን ማንም እንዳያነብላቸው አደራ። ራሳቸው አያነቡትም። ወረቀት አይመዝንም ይላሉ።

አንድ ይቅርታ ልጠይቅና ላብቃ። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ስህተት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ጽሑፍ ግን የንጉሡ ሠ እና የእሳቱ ሰ ተምታትተውብኝ ካገኛችሁ አትፍረዱብኝ። መዝገበ ቃላቴ እትዬ ሚዛን መደርደሪያ ላይ ነው። እላዩ ላይ አንዲት ወረቀት ተንጠልጥላለች፤ እሷ ላይ የማርማቸው ሁለት ፊደላት አሉኝ።