ሕገ መንግሥት በለቅሶ ድንኳን

በእኛ ቆላ ሰው ሳይጎተጉቱት የሚሰበሰበው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለለቅሶ እና ለሰሊጥ ዋጋ። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ውይይት ሦስተኛ ይሆን እንደሆነ ቀበሌያችን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሞክሯል። አልሆነም።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ አለባቸው በወባ ሞተ። መንደራችን ኮኪት ያለ ሰው ሁሉ እኛ ደጅ፣ ሰሊጥ የምንወቃበትን ሸራ ድንኳን አድርገን፣ ሥሩ ተቀመጠ። ከወረዳችን ከተማ ከገንዳ ውሃ የተላከው ካድሬም ባዶ አዳራሽ ሲጠብቅ ቆይቶ ረቂቁን በብብቱ ይዞ መጣ። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ... ሕዝቡን ተሟልቶ ስላገኘው እዚሁ እንወያይ አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ለቅሶ የደረሰ ሰው ውጣ አይባልም።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ጦፈ። ከጎንደር የመጡ አንድ ባለ ትራክተር፣ መሸጥ መለወጥ ካልተቻለ ምኑን ያዝነው ብለው ተከራከሩ። አንድ የወሎ አጫጅ ደግሞ፣ መሸጥ ከተፈቀደማ እርስዎ ኮኪትን ጠቅልለው ገዝተው ጥላውን ያከራዩናል አላቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ለምን እንደተቀመጥን ትዝ አለኝና... ነጠላዬን አስተካከልሁ።

የእኔ ጉዳይ አገር የሚያህል አልነበረም። አለባቸው ሚስትም ልጅም የለውም። የእንዲህ ያለውን ሟች መሬት የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አብረን የዘራነው ሰሊጥ ደግሞ ደርሷል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የደረሰ ሰሊጥ ግን ዝም ካሉት ይረግፋል። እጄን አወጣሁ።

«ወንድም... ይወርሳል?»

ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ። «እሱ በዝርዝር ሕግ ይታያል።»

«መቼ?»

«ይኸኛው ከጸደቀ በኋላ።»

ይህን ለሰሊጡ የሚነግርልኝ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የስም ጥሪ ሆነ። ባለመሬት በሙሉ ካልተገኘ ካድሬው እንደገና ሰብስብ ይባላል። ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ የወንድሜ ስም ላይ ደረሰ። 

«ተገኝቷል በል፣ ልጄ» አሉት ጎረቤታችን አያ ጎሹ፣ በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት። «እሱ ባይሆን ማን ይመጣልህ ነበር?»

ካድሬው አያ ጎሹን አየ፤ እኔን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ጻፈ።

«ድጋፍ ወይስ ተቃውሞ?»

«ድጋፍ በል። ሞቶ ደግሞ ከመንግሥት ምን አጣላው?»

በሳምንቱ ኮሚቴው መሬቱን ሊረከብ መጣ። አያ ጎሹ ቃለ ጉባኤውን አውጡ አሏቸው። በፊርማና በማኅተም፣ አለባቸው ከተቀበረ በኋላ ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ፣ ደግፏል። መሬቱን ለመውሰድ ስብሰባውን ማፍረስ፣ ስብሰባውን ለማፍረስ ደግሞ ገንዳ ውሃ ድረስ ሄዶ መናዘዝ ሊኖርባቸው ነው። ተመካከሩና ተመለሱ።

ሰሊጡን በጊዜው አጨድሁ። ሕገ መንግሥቱም ጸደቀ። ዝርዝሩ እስኪመጣ ወንድሜ በቀበሌው መዝገብ ሕያው ነው፤ ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። ስሙ ሲጠራ አቤት የምልለት እኔ ነኝ... አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይጠሩታል፤ በመጀመሪያው ዘወር ብዬ እሱን እፈልጋለሁ።