ረግጠን የሞላነው ጆንያ

ነገሩ የስልሳ ሺህ ብር ነገር ነው። ድምሩን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም፤ አርባ ዓመት እህል ነግጄ ዋጋው ያልተነገረኝን ወሬ ጆሮዬ አይቀበልም። ከቁስቋም ቤቴ እስከ አራዳ ሱቄ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። ሲዘንብ ይጨምራል፤ ኩሬውን መዞር አለ። ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ነገር አያጣም፤ አንዱ ልጆቹን ይቆጥራል፣ አንዱ ቂሙን። እናንተም ይህ ጽሑፍ ስንት መስመር እንደቀረው አሁን አይታችኋል፤ አትካዱ።

ስልሳ ሺው ለጣሪያ የተቀመጠ ነበር። ባለቤቴ ሦስት ክረምት ሙሉ ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር ሳፋ ስትደረድር ኖራለች። እኔ ግን አራዳ ውስጥ አንዲት ገዢ ኳርትዝ የሚሉትን ብርጭቆ መሳይ ድንጋይ በጥሩ ዋጋ እንደምትወስድ ሰማሁ። ከዳባት ማዶ ገብስ የሚሸጥልኝ ታከለ ደግሞ ከማሳው ጥግ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይወጣል። ተስማማን፤ መሬቱ ከእሱ፣ ወጪው ከእኔ፣ የተገኘው እኩል።

ስድስት ቆፋሪ ለአሥራ ሰባት ቀን ቀጠርኩ። ከአሥራ ሰባቱ ቀን አምስቱ የታቦት በዓል ሆነና ዶማ አልተነሳም፤ ምግቡ ግን ተበላ።

በመጨረሻው ቀን ዶማው ውስጡ ባዶ የሆነ ድንጋይ ፈለጠ። ታከለ ጭቃውን በጣቱ ጠረገ። ጉሙ ከገደሉ አፍ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ፀሐይዋም ጎንበስ ብላ ወደ ጉድጓዱ ገባች። የድንጋዩ ሆድ በራ። ጣት ጣት የሚያካክሉ፣ እንደ ውሃ የጠሩ፣ ስድስት ስድስት ጎን ያላቸው ነገሮች ጫፋቸውን ወደ እኛ ቀስረው ቆመዋል፤ ጉሙ ራሱ እዚያ ገብቶ ደርቆ የቀረ ይመስላል። መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሰባት ላይ ጠፋኝ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩና እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ።

«አያ ደምሴ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለኝ ታከለ።

«እየቆጠርኩ ነው።»

«ታዲያ ከንፈርዎ ምነው አይንቀሳቀስም?»

አመሻሽ ላይ ሁለት ጆንያ ሞላን። በእኛ ሙያ ሳይነቀነቅና ሳይረገጥ የተሰፋ ጆንያ ውርደት ነው፤ ገዢን መስረቅ ማለት ነው። የታከለ ድርሻ ከእኔ እንዳያንስ ብዬ ሁለቱም ላይ በገዛ እግሬ ወጣሁ።

«ሸጋ አርገው ረገጡት!» አለ፤ ቀጥሎም ጆሮውን አስጠጋ። «ድምፁ ግን ገብስ አይመስልም።»

«አዲስ ነው፤ ይለምዳል» አልኩት።

በማግስቱ ጆንያዎቹን ይዘን አራዳ ገባን። ገዢዋ የልጄ እኩያ ናት። አንዱን ከጆንያው አወጣች፤ አገላብጣ አየችው።

«አባባ፣ ጫፉ የታለ?»

«የቱ ጫፍ?»

«ዋጋው እኮ ያለው ጫፉ ላይ ነው።»

«ስንቱ ተሰበረ?»

«የተረፈውን ብንቆጥር ይቀለናል» አለች።

ሰባት ተረፈ። ለሰባቱ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ከፈለች። ታከለ ድርሻውን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና «እንኳን በእግርዎ ሆነ፤ በማኪና ቢረግጡትስ ኖሮ!» ብሎ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸው። ወጪ ስልሳ ሺህ፤ ገቢ ሁለት ሺህ አንድ መቶ፤ ኪሳራ ሃምሳ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ። በትርፍ በኩል የምጽፈው ሳጣ ለባለቤቴ ያየሁትን ነገርኳት፤ እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ቁጣዋን ትታ ግንባሬን ዳሰሰችው።